መለዮ ዕዳ አይከፍልም

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል አባባላችን። ገበሬው ይህን ሲል ንጉሡን ማወደሱ አልነበረም፤ የራሱን አቅም መለካቱ ነበር። ሞፈሩ ሰማይ አይደርስም፣ አቤቱታውም ዙፋን አይደርስም። ያው ገበሬ ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲልም ኖሯል። በአንደኛው አነጋገሩ ከችሎት በላይ የሆነ ሰው እንዳለ ይቀበላል። በሁለተኛው ደግሞ በፍርድ ከተወሰደችበት በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የተነጠቃት ጭብጦ እንደምታንገበግበው ይናገራል። ሁለቱ አባባሎች በአንድ አፍ ሲኖሩ ዘመናት አልፈዋል፤ ታርቀው ግን አያውቁም።

ይህ አለመታረቅ ዘውድ ባለበት አገር ሁሉ አለ። በዘመናችን ጎልቶ የሚታየው በብሪታንያ ነው፤ እዚያ ዘውዱ፣ ሠራዊቱና ጋዜጣው በአንድ አደባባይ ይገናኛሉ። ልዑሉ መለዮ ይለብሳል፣ ጋዜጣው ፎቶግራፍ ያነሣዋል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ከዚያ አንድ ቀን ቅሌት ይወጣል። የዚህ ሐተታ ጉዳይ በዚያን ቀን የሚነሣው ጥያቄ ነው፦ ለአገሩ የተዋጋ ሰው፣ በሌላ ቀን ስለ ሠራው ወይም ሠራ ስለተባለው ነገር ሲጠየቅ፣ ውትድርናው ምን ይመሰክርለታል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ምንም አይመሰክርለትም። ይህን የምለው ውትድርናን አቃልዬ አይደለም፤ አክብሬው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩ መብት ያለ ምክንያት ጸንቶ አይቆይም። ሕዝብ ለአንድ ቤተሰብ ግብር የሚከፍለው፣ መንገድ የሚለቀው፣ ቆሞ የሚያሳልፈው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በምላሹ የሚጠብቀው ነገር አለ። ከሁሉ የቆየው የሚጠበቅ ነገር ንጉሡ በክፉ ቀን ከፊት እንዲገኝ ነው። ዙፋን ላይ እያለ ሠራዊቱን ጦር ሜዳ ድረስ የመራ የመጨረሻው የብሪታንያ ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ነበር፤ ቦታው በጀርመን ምድር ያለው ዴቲንገን፣ ዓመቱ 1743። ከእርሱ ወዲህ ነገሥታቱ ከጦር ሜዳ ራቁ፤ መለዮው ግን ከትከሻቸው አልወረደም። ልጆቻቸው ወደ ጦር አካዳሚ ይላካሉ፣ ማዕረግ ይቀበላሉ፣ የክፍለ ጦሮች የክብር አዛዥ ይሆናሉ። የጥንቱ ውል ዛሬም በልብ ይታሰባል፦ እኛ እናከብራችኋለን፤ እናንተም ልጆቻችን በሚሞቱበት ቦታ ትገኛላችሁ።

በ1982 ይህ ውል በተግባር ተፈተነ። አርጀንቲና የፎክላንድ ደሴቶችን ስትይዝ የንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ወንድ ልጅ አንድሩ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። «ኢንቪንሲብል» በተባለው የጦር መርከብ ላይ የሲ ኪንግ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። ልዑሉ ከግንባር እንዲቀር ያሰቡ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ እናቱ ግን ከጓዶቹ እንዳይለይ ፈለጉ፣ አብሮ ዘመተ። ከሄሊኮፕተሮቹ ግዳጅ አንዱ ኤግዞሴት የተባለውን ሚሳይል ከመርከቦቹ ማሳሳት ነበር። ያ ሚሳይል በራዳሩ ያገኘውን ትልቅ አካል ይከተላል እንጂ በውስጡ ማን እንዳለ አይለይም። «አትላንቲክ ኮንቬየር» የተባለችው የጭነት መርከብ ስትመታ 12 ሰዎች ሞተዋል፤ ልዑሉም በዚያ ሰማይ ላይ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ 255 የብሪታንያና 649 የአርጀንቲና ወታደሮች ሞተው ተቆጠሩ። በእነዚያ ሳምንታት የንግሥቲቱ ልጅ የሠራው ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው፤ በኋላ የመጣ ማናቸውም ነገር ሊፍቀው አይችልም።

ነገር ግን ያ ሥራ ዋጋ ያገኘው ከምን እንደሆነ ልብ እንበል። ዋጋው የመጣው በዚያ ኮክፒት ውስጥ ልዑሉ ከሌሎቹ አብራሪዎች አንዱ ስለነበረ ነው። መለዮ የተሠራው ሰውን ከሰው ጋር ለማስተካከል ነው፤ የባለጸጋውንም የድኻውንም ልጅ በአንድ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በአንድ ትእዛዝ ሥር አስገብቶ፣ ለአንድ ዓይነት ሞት ያጋልጣቸዋል። ለንጉሥ ልጅ ይህ ታላቅ ስጦታ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ሁሉ የሚሰግድለት ሰው፣ በሥራው ብቻ የሚለካበትን ብቸኛ ስፍራ እዚያ ያገኛል። እንግዲህ የአገልግሎቱ ክብር ልዩ መብትን በመተው የተገኘ ከሆነ፣ ያንኑ ክብር መልሶ የልዩ መብት መሣሪያ ማድረግ ክብሩን ራሱን ማፍረስ ነው።

በኅዳር 2019 የሆነው ይኸው ነው። አንድሩ በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጦ ለቢቢሲው የ«ኒውስናይት» ፕሮግራም ጋዜጠኛ ለኤምሊ ሜይትሊስ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። የተጠየቀው በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት ከነበረውና በዚያው ዓመት በእስር ቤት ከሞተው አሜሪካዊ ባለሀብት ከጄፍሪ ኤፕስታይን ጋር ስለነበረው ወዳጅነት ነው። አንዲት አሜሪካዊት በ17 ዓመቷ ወደ ልዑሉ እንደተወሰደችና ጥቃት እንደተፈጸመባት ትናገር ነበር፤ እርሱ ግን ክሱን ያኔም በኋላም ክዷል። ሴትዮዋ በአንድ የለንደን የጭፈራ ቤት አብራው ስትደንስ ላብ በላብ ሆኖ እንደነበር ተናግራ ነበር። ልዑሉ ሲመልስ፣ በፎክላንድ ጦርነት በተተኮሰበት ጊዜ ሰውነቱ ከመጠን ያለፈ አድሬናሊን በማመንጨቱ በዚያ ዘመን ላብ እንደማይወጣው ተናገረ። ቅጣት ጨርሶ የወጣውን ወዳጁን በ2010 ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ቤቱ ማረፉንም ሲያስረዳ፣ ከልክ በላይ ለክብር የሚጨነቅ ሰው ስለሆነ እንደሆነ ገለጸ።

ስለ ላቡ እውነትነት የመፍረድ ሥልጣን የለኝም፤ ጉዳዬም እርሱ አይደለም። ጉዳዬ ጦርነቱ የተጠራበት ቦታ ነው። 255 ሰዎች ያልተመለሱበት ጦርነት፣ አንዲት ወጣት ደረሰብኝ ላለችው በደል መከላከያ ምስክር ሆኖ ቀረበ። መርከብ ላይ ተቃጥለው የሞቱት መርከበኞች ስለዚያ የጭፈራ ቤት ምሽት የሚያውቁት ነገር የለም። የእነርሱ ሞት የማንም ማስረጃ አይደለም፤ በሕይወት የተረፈ ጓዳቸው ሊበደረው የሚችል ንብረትም አይደለም።

ይህን ከማንም በፊት የተረዱት ወታደሮች ናቸው። በጥር 2022 ከ150 በላይ የሆኑ የባሕር ኃይል፣ የአየር ኃይልና የምድር ጦር የቀድሞ አባላት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው፣ ልጃቸው የጦር ማዕረጎቹን እንዲያጣ ጠየቁ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ እንዲህ ባለ ክስ ውስጥ የገባ ሌላ ከፍተኛ መኮንን በሹመቱ ሊቆይ አይታሰብም፤ ለልዑልም የተለየ መለኪያ ሊኖር አይገባም። በዚያው ዕለት ቤተ መንግሥቱ አንድሩ የክብር ሹመቶቹን ለንግሥቲቱ መመለሱን አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር ከከሳሽዋ ጋር በገንዘብ ተስማማ፤ ጥፋተኝነቱን ግን አላመነም። የቀድሞዎቹ ወታደሮች ጥያቄ ከመለዮው ትርጉም የወጣ ነው። በ1982 ከእኛ ጋር እኩል ነበርህ፤ ዛሬም እኩል ሁን ማለታቸው ነበር።

እዚህ ላይ በቅንነት የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ድፍረት የጠባይ ምልክት አይደለምን? ሚሳይል ፊት ያልሸሸ ሰው በሌላውም ነገር ሊታመን አይገባውምን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በፕላቶን «ላኬስ» በተባለው ምልልስ ሶቅራጥስ ድፍረት ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሁለት የአቴና የጦር አዛዦችን ነው። ሁለቱም በጦር ሜዳ የተመሰከረላቸው ናቸው። አንደኛው፣ ላኬስ፣ ሠራዊቱ ከዴልዮን በሸሸበት ቀን ሶቅራጥስ ራሱ እንዴት እንደጸና በዓይኑ አይቷል። ሆኖም ደፋሮቹ ድፍረት ምን እንደሆነ መናገር አቅቷቸው ይለያያሉ። ኒቅያስ ድፍረት የሚፈራውንና የማይፈራውን ለይቶ ማወቅ ነው ይላል፤ ሶቅራጥስ ደግሞ ይህ ዕውቀት የተሟላ ከሆነ መልካምነትን በሙሉ የሚጨምር እንደሚሆን ያሳየዋል።

እኔ ከዚያ ምልልስ የምማረው ይህን ነው፦ ሰው ጥይትን ሳይፈራ እውነትን ሊፈራ ይችላል። ጥይት ፊት የሚቆመው አካል ነው፤ ጥያቄ ፊት የሚቆመው ስም ነው። ለብዙ ሰው ከአካሉ ይልቅ ስሙ ይብስበታል። በጦር ሜዳ አዛዥ አለ፣ ጓድ አለ፣ ሥልጠና አለ፤ በፍርድ አደባባይ ሰው ብቻውን ነው። ስለዚህ የአንዱ ቀን ጽናት ለሌላው ቀን ዋስ አይሆንም። በግልባጩም የሌላው ቀን ውድቀት የመጀመሪያውን ቀን ጽናት ሐሰት አያደርገውም። እያንዳንዱ ሥራ በገዛ ሚዛኑ መቀመጥ አለበት።

ልዩ መብትና ውትድርና በቅሌት ቀን ሲጋጩ ማን እንደሚሰበር ለማወቅ ወደ 1890 እንመለስ። በመስከረም ወር፣ ዮርክሸር ውስጥ ባለው ትራንቢ ክሮፍት በተባለ ቤት፣ በኋላ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነው የዌልስ ልዑል ከእንግዶች ጋር ባካራ የተባለውን ቁማር ይጫወት ነበር። በእንግሊዝ ያኔ ሕገ ወጥ የተባለ ጨዋታ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ በዙሉ ጦርነት፣ በግብፅና በሱዳን የዘመተው ሌተና ኮሎኔል ሰር ዊልያም ጎርደን ከሚንግ ነበር። አጭበርብሯል ተባለ። ካርታ ዳግመኛ እንዳይነካ የሚያስገድድ ወረቀት አስፈረሙት፤ በምላሹም ነገሩ ምስጢር ሆኖ እንዲቀር ቃል ገቡለት። ልዑሉም ከፈራሚዎቹ አንዱ ሆነ። ምስጢሩ ግን ሳይውል ሳያድር አፈተለከ። ኮሎኔሉ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ፤ በሰኔ 1891 የዙፋኑ ወራሽ በፍርድ ቤት ቆሞ መሰከረ።

በዚያ ችሎት የሆነ አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይደንቀኛል። ጠበቆቹ ልዑሉን አክብረው ዋናውን ጥያቄ ሳይጠይቁት ሊወርድ ሲል፣ ከዳኝነት ሸንጎው አባላት አንድ ተራ ዜጋ ተነሥቶ ጠየቀው፦ ማጭበርበሩን በዓይንህ አይተሃልን? አላየሁም አለ ልዑሉ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለተናገረ ከማመን በቀር ምርጫ አልነበረኝም አለ። ሸንጎው 13 ደቂቃ ያህል መክሮ በኮሎኔሉ ላይ ፈረደ። ኮሎኔሉ ከሠራዊቱ ተባረረ፣ የለንደን ክበቦች በራቸውን ዘጉበት፣ ቀሪ ዘመኑን ከዚያ ማኅበር ተገልሎ ኖረ። ልዑሉ በጋዜጦች ክፉኛ ተወቀሰ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ነገሠ። ኮሎኔሉ አጭበርብሮ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ዛሬም ድረስ የሚከራከሩበት አሉ። ክርክር የሌለው ግን ይህ ነው፦ ቁማሩን ሁሉም ተጫውተዋል፣ የዝምታውን ወረቀትም ሁሉም ፈርመዋል፤ የዘመቻ ታሪኩ ያላዳነው ግን ዘውድ የሌለው ወታደር ብቻ ነው።

ልዩ መብት በደም ውስጥ ያለ ነገር ይመስለናል። አይደለም፤ ከደሙ በስተጀርባ ባለው ኃይል ውስጥ ነው ያለው። ይህን 1879 ያስተምረናል። በዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን የናፖሊዮን ሦስተኛ ልጅ፣ የ23 ዓመቱ ሉዊ፣ የብሪታንያ መለዮ ለብሶ በዙሉ ምድር ተገደለ። ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ጦርነት በኢሳንድልዋና ከብሪታንያ ወገን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አልቀው ነበር፤ የአንዱ ልዑል ሞት ግን ጋዜጦቹን አጥለቀለቀ። አብሮት የነበረው ሌተና ኬሪ ጥሎት ሸሸ ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በኋላ ተሻረ፣ ስሙ ግን አልተመለሰለትም።

በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን በሊድስ ከተማ ሌላ የንጉሥ ልጅ ሞተ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ነው። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ፣ በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀምጦ፣ ለማያውቀው ሕዝብ መታያ ሆኖ አደገ። ራግቢ በተባለው ትምህርት ቤት ካለፈ በኋላ ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ገባ፤ አልሆነለትምና ወጣ። ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘኑለት፤ በዊንዘር ተቀበረ። በ2023 አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። ዓለማየሁ የንጉሥ ደም ነበረው፤ የሚመካበት መንግሥት ግን አልነበረውም። ስለዚህ መለዮው አላስተካከለውም፣ ጋዜጣው አልጠበቀውም፣ መቃብሩ እንኳ በገዛ ወገኑ እጅ አልሆነም። የንጉሥ ልጅ መሆን ብቻውን ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ከእርሱ በላይ የሚናገር የለም።

አሁን ወደ ጋዜጣው እንምጣ። ጋዜጣ በዘውድ ላይ ያለው ኃይል ሁለት ነው፤ ዝም ማለትና መግለጥ። ሁለቱም መልካም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም ክፉ።

በ1936 የእንግሊዝ ጋዜጣ ባለቤቶች ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ከአሜሪካዊቷ ከዋሊስ ሲምፕሰን ጋር ስላለው የፍቅር ግንኙነት ላለመጻፍ ተስማሙ። የአሜሪካ ጋዜጦች ወራት ሙሉ ሲጽፉት የንጉሡ ሕዝብ አያውቅም ነበር፤ ከአሜሪካ የሚገቡ መጽሔቶች ገጻቸው እየተቀደደ ይሸጥ ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን ዝምታው ተሰበረ፤ በሳምንቱ ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ። ያ ዝምታ ማንንም ከሞት አላዳነም። ሕዝቡ በገዛ ንጉሡ ጉዳይ እንዳይመክር ያደረገ ዝምታ ነበር።

በ2007 መጨረሻ ሌላ ዝምታ ሆነ። የንግሥት ኤልሳቤጥ የልጅ ልጅ ልዑል ሃሪ ከሳንድኸርስት ተመርቆ ኢራቅ ሊዘምት ሲል የምድር ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሪቻርድ ዳናት ለእርሱም ለጓዶቹም አደጋው በዝቷል ብለው ሰርዘውት ነበር። ከወራት በኋላ በምስጢር ወደ አፍጋኒስታን ሄልማንድ ሄደ፤ የብሪታንያ መገናኛ ብዙኃንም እስኪመለስ ላለመዘገብ ተስማሙ። ዐሥር ሳምንት ገደማ ቆየ። በየካቲት 2008 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ድረ ገጽ ወሬውን ሲያሰራጨው ወዲያው ተመለሰ። ይህኛው ዝምታ የሚጠብቀው የልዑሉን ስም አልነበረም፤ እርሱ ካለበት ምሽግ ጎን የተሰለፉትን ሕይወት ነበር። ከዚያም ጋር አንድ መራራ እውነት አለው፦ ልዑሉ መመለስ ይችላል፣ የሌላው እናት ልጅ ግን ወሬ ስለወጣ አይመለስም። በዚያ ጦርነት 457 የብሪታንያ ወታደሮች ሞተዋል። ሃሪ ሲመለስ ጀግና አትበሉኝ፣ ጀግኖቹ በአውሮፕላኑ አብረውኝ የመጡት ቁስለኞች ናቸው አለ። በ2014 የቆሰሉ ወታደሮች የሚወዳደሩበትን የኢንቪክተስ ጨዋታዎች ሲመሠርት ያ ቃል ሥራ ሆነ።

መግለጥንም እንዲሁ እንመዝን። ሃሪ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በቅሌት የፊት ገጽ ላይ ወጥቷል። በጥር 2005 የናዚ ክንድ ማሰሪያ አጥልቆ በአንድ ግብዣ ላይ ተገኘ፤ የአውሽቪትስ ነጻ መውጣት 60ኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። በጥር 2009 አንድ ጋዜጣ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀረጸ ፊልም አወጣ፤ ልዑሉ ፓኪስታናዊ ዝርያ ያለውን የአካዳሚ ጓዱን በዘረኛ ቃል ሲጠራ ይሰማል። በነሐሴ 2012 ደግሞ በላስ ቬጋስ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራቁቱን የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ። ከእነዚህ ሦስቱ የትኛው ነው ከባድ? በመጀመሪያው የተሰደቡት በጋዝ ክፍል ያለቁ ሙታንና የተረፉት ናቸው። በሁለተኛው የተጎዳ ጓድ አለ፤ መለዮ የሰጠው እኩልነት በዚያች ቃል ተነጥቋል። በሦስተኛው የተጎዳ ሰው የለም። ሆኖም ጋዜጦቹ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት ጩኸት ሰጡ። በላስ ቬጋሱ ጊዜ ፎቶግራፉን ያተመው ጋዜጣ የሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ ተከራከረ። በሚቀጥለው ወር ሃሪ የአፓቼ ሄሊኮፕተር ተኳሽ ሆኖ ወደ ሄልማንድ ሲመለስ እነዚያው ገጾች ጀግና አሉት።

ይህ መለዋወጥ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ጀግናውም ወራዳውም ይሸጣል፤ አንዱ ለሌላው ዋጋ ይጨምርለታል። ለዚህ ገበያ ሲሉ ሕግ የጣሱም ነበሩ። በጥር 2007 የ«ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» የንጉሣውያን ዜና አዘጋጅ የቤተ መንግሥት ሠራተኞችን የስልክ መልእክት ጠልፎ በማዳመጥ ታሰረ፤ ጋዜጣው ራሱ በ2011 ተዘጋ። በ2023 ሃሪ በፍርድ ቤት ቆሞ በ«ሚረር» ጋዜጦች ላይ መሰከረ። ከ1891 ወዲህ እንዲህ የመሰከረ ከፍተኛ የንጉሣዊ ቤተሰብ አባል አልነበረም። ዳኛው ከቀረቡት 33 ጽሑፎች 15ቱ በሕገ ወጥ መንገድ በተገኘ መረጃ የተሠሩ እንደሆኑ ወስነው 140,600 ፓውንድ ካሣ ፈረዱለት። ከአያት ቅድመ አያቱ ዘመን የተለየው ነገር ይህ ነው፦ ልዑሉ ከችሎት በላይ ሆኖ ከመቆየት በችሎቱ ፊት ቆሞ ፍርድ መጠየቅን መረጠ። ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ ንጉሥ መክሰስም አይገባውም፤ ሕግ ለሁለቱም ወገን ክፍት ሲሆን ብቻ ነው ሕግ የሚሆነው።

በመስከረም 2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲቀበሩ ዓለም ሁሉ የተመለከተው አንድ ነገር ነበር። ከአራቱ የንግሥቲቱ ልጆችና ከንጉሥ ቻርልስ ሁለት ወንዶች ልጆች መካከል በጦርነት ግንባር ያገለገሉት አንድሩና ሃሪ ብቻ ናቸው። በቀብሩ ሰልፍ የወታደር ልብስ ያልለበሱትም እነርሱ ብቻ ነበሩ። ሃሪ የተነፈገው ከንጉሣዊ ሥራ ስለወጣ ነው፤ አንድሩ የተነፈገው በደል ፈጽሟል ስለተባለ ነው። ቤተሰቡን ትቶ መሄድና በአንዲት ወጣት ላይ ጥቃት መፈጸም፣ ለዚያውም የተካደ ክስ፣ በአንድ ቅጣት ተቀጡ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መለኪያው በዘውዱ ላይ የደረሰው ጉዳት ስለነበረ ነው። ከዘውዱ ወንበር ሲታይ ሁለቱም እኩል አሳፋሪዎች ናቸው።

እንግዲህ ቤተ መንግሥቱና ጋዜጣው፣ ጠላቶች የሚመስሉት ሁለቱ፣ በአንድ ሚዛን እንደሚመዝኑ ያን ቀን ታየ። ሁለቱም ቅሌትን የሚለኩት በባለቤቱ ከፍታ ነው። አንዱ ከፍታውን ለመጠበቅ ይደብቃል፣ ሌላው ከከፍታው ሲወድቅ ለማሳየት ይገልጣል። በመካከል የተጎዳው ሰው ይረሳል። በ2025 ጥቅምት ንጉሥ ቻርልስ የወንድማቸውን የልዑልነት ማዕረግ ለመንሣት ሲወስኑ፣ መግለጫው ሐሳባቸው ጥቃት ከደረሰባቸው ጋር እንደሆነ ተናገረ። ትክክለኛ ቃል ነው። ነገር ግን ከሳሽዋ ሴት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ሞታ ነበር። ቃሉ ሲደርስ የምትሰማው እርስዋ አልነበረችም።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ቅሌት የሚለካው በበደለው ሰው ማዕረግ ሊሆን አይገባም፤ በተበደለው ሰው ጉዳት ነው መለካት ያለበት። ማንም ያልተጎዳበት ነውር የጋዜጣ ገጽ አይገባውም፤ የልዑልም ቢሆን የሰው ገመና ገመና ነው። ሰው የተጎዳበት በደል ግን ዘውድም፣ ሜዳልያም፣ የጦር ሜዳ ትዝታም ሊጋርደው አይገባም። ዝምታ የሚፈቀደው ሕይወት ለማዳን ነው እንጂ ስም ለማዳን አይደለም። ለአገሩ የተዋጋ ሰው ምስጋናው ይድረሰው፣ ሙሉ ምስጋና። ምስጋናችን ግን በተዋጋበት ቀን ላይ ይቁም፤ ወደ ሌላ ሰው ሰቆቃ ውስጥ ገብቶ አይከራከር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የእንግሊዞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። ባለሥልጣን፣ አዛዥ፣ ዝነኛ ሰው በተከሰሰ ቁጥር «ለአገሩ የዋለው ውለታስ?» የሚል ድምፅ በየቋንቋው ይነሣል። ያን ድምፅ ስትሰማ ውለታውን አትካድ፤ ነገር ግን የተበደለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ቃሉን ማን እንደሰማው አስቀድመህ ጠይቅ። ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦ የማን እንደነበረች ሳይታወቅ ስለ ባለ መለዮው ጀግንነት መነጋገር ፍርድን ማጉደል ነው።